ሳይቃጠል በቅጠል፦ ሲጋራ የጀመረ ተማሪን በጤና ጣቢያ በኩል ስለ መርዳት

ለዛሬው ትምህርታችን መግቢያ የሚሆን አንድ ጥያቄ እናቅርብ። በምታስተምሩበት ክፍል ውስጥ ያለ የ15 ዓመት ልጅ ሲጋራ ማጨስ መጀመሩን ብትደርሱበት ምን ታደርጋላችሁ? ለብዙዎቻችን መልሱ በአፋችን ነው። «ወላጅ አምጣ!» እንላለን። ካልሆነም በሰልፍ ላይ ለብቻው አቁመን ለሌላው መቀጣጫ እናደርገዋለን። ከዚያ በኋላ ልጁ በግቢው ውስጥ ሲያጨስ አይታይም፤ እኛም ሥራችንን የሠራን ይመስለናል። ነገር ግን አለመታየትና መተው ለየቅል ናቸው።

ይህን የምለው ራሴ የሠራሁት ጥፋት ስለሆነ ነው። ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ በአንዲት የገጠር ከተማ፣ በአንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ደብተር ውስጥ ሁለት ፍሬ ሲጋራ አገኘሁ። ለብቻው ጠርቼ አልጠየቅሁትም። ጧት ሰልፍ ላይ አስወጥቼ ሲጋራውን ለተማሪው ሁሉ አሳየሁና «አባትህን ሳትይዝ እንዳትመጣ!» አልኩት። አባቱንም አላመጣ፣ እሱም አልመጣ። ከስድስት ዓመት በኋላ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ደጃፍ ላይ ጆንያ ሲሸከም አገኘሁት። እኔ አላወቅሁትም፤ እሱ ግን አወቀኝ። «ጋሼ፣ እንደምን ነዎት?» ብሎ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። ቆመን ስናወራ ያስለዋል። «ተውከው ወይ?» ብዬ ስጠይቀው ሳቅ አለና፣ «አልተውኩትም ጋሼ። በዚያው ዓመት እኮ ሳል ይዞኝ ሁለት ጊዜ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ሽሮፕ ሰጡኝ። ታጨሳለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር» አለኝ።

«ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር።» የዛሬው ትምህርት መነሻም መድረሻም ይኸው ቃል ነው። እኔ ልጁን ቀጣሁት እንጂ አልጠየቅሁትም። ያከመውም ሰው ሳሉን አየ እንጂ ልጁን አላየም። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን ልጁ በሽታውን እንዲደብቅ ያደረግነው እኛው ስንሆንስ?

1ኛ/ ሱሱ እንዴት ይይዛል?

በትምባሆ ውስጥ ኒኮቲን የሚባል ቅመም አለ። ጭሱ ወደ ሳንባ ከተሳበ በኋላ ኒኮቲኑ በ10 እና በ20 ሴኮንድ መካከል ባለ ጊዜ ውስጥ አንጎል ይደርሳል። እዚያም የደስታ ስሜት የሚሰጡ ንጥረ ነገሮች እንዲፈልቁ ያደርጋል። ስሜቱ ግን ወዲያው ይከስማል፤ አንጎልም «ድገመኝ» ይላል። የወጣት አንጎል ገና በማደግ ላይ ያለ ስለሆነ ይህን ልማድ ከጎልማሳው ይልቅ ፈጥኖ ይቀበላል። አንዳንድ ልጆች በየቀኑ ማጨስ ከመጀመራቸው በፊት እንኳ የሱስ ምልክት ይታይባቸዋል። ስለዚህ «አልፎ አልፎ ነው የማጨሰው፤ ስፈልግ እተወዋለሁ» የሚል ተማሪ ውሸታም አይደለም፤ የያዘው ነገር ምን እንደሆነ ገና አላወቀም ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን የተካሄደው የጎልማሶች የትምባሆ አጠቃቀም ጥናት፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል 5 በመቶ ያህሉ ትምባሆ እንደሚጠቀሙ አሳይቷል። ከወንዶች 8.1 በመቶ፣ ከሴቶች ደግሞ 1.8 በመቶ መሆኑ ነው። ከብዙ አገሮች ጋር ሲነጻጸር ቁጥሩ ዝቅተኛ ነው። ታዲያ ምን ያስጨንቀናል? የሚያስጨንቀንስ ይኸው ነው። በልዩ ልዩ አገሮች እንደታየው አብዛኛው ጎልማሳ አጫሽ የጀመረው 20 ዓመት ሳይሞላው ነው። እንግዲህ የነገው ቁጥር የሚወሰነው ዛሬ በ7ኛ፣ በ8ኛና በ9ኛ ክፍል በተቀመጡት ልጆች ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

በእኛ አካባቢ ሲጋራ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም። ጫት በሚቃምበት ቦታ ሲጋራ አብሮ ይዞራል፤ ልጁም የመጀመሪያዋን ጭስ የሚስበው ገዝቶ ሳይሆን ተሰጥቶት ነው። በቡና ለቀማ ወራት ደግሞ በወናጎ፣ በይርጋ ጨፌና በኮቸሬ ብዙ ተማሪ ለቤተሰቡም ለሌላም እየለቀመ በእጁ ገንዘብ ይገባል። ያቺ ገንዘብ የደብተር መግዣ ልትሆን ትችላለች፤ የሱስ መጀመሪያም ልትሆን ትችላለች።

2ኛ/ ለምን ወደ ጤና ጣቢያ?

በውጭ አገር ጽሑፎች ላይ «ልጁ የቤተሰብ ሐኪሙን ሲጎበኝ» የሚል ነገር እናነባለን። በእኛ አገር የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ስለዚህ በቡሌ ደጋ ወይም በገደብ ለሚኖር ልጅ ሐኪሙ ማለት የጤና ጣቢያው ጤና መኮንን ወይም ነርስ ነው። ጤና መኮንን ማሠልጠን በአገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 በጎንደር ነው። ሕዝቡ ነጭ ጋውን የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል፤ ሴቷን ነርስ ደግሞ «ሲስተር»። ከእነርሱ በታች በየቀበሌው ጤና ኬላ ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፤ ከእነርሱ በላይ ሆስፒታሉ አለ።

ታዲያ ይህን ሥራ ለምን ለጤና ጣቢያው እንሰጣለን? ራሳችን አንመክረውም ወይ? እንመክረዋለን። ነገር ግን ጤና ጣቢያው እኛ የሌሉን ሦስት ነገሮች አሉት።

ሀ/ በር አለው። ጌዴኦ የጋራ ጉዳዩን በሶንጎ፣ በሽማግሌዎች ፊት ይመክራል፤ ይህ ትልቅ ባህል ነው። የአንድ ልጅ የሱስ ጉዳይ ግን የአደባባይ ጉዳይ አይደለም። ሐኪሙ በሩን ዘግቶ ብቻውን ሊጠይቀው ይችላል። እኛ ዘንድ ግን መስኮቱ ሥር የሚያዳምጥ አይጠፋም።

ለ/ ውጤት አይሰጥም። ልጁ ለሐኪሙ እውነቱን ቢናገር ከክፍል አይባረርም፤ የሥነ ምግባር ውጤቱም አይቀነስበትም።

ሐ/ ልጁ በራሱ እግር ይሄዳል። ራስ ምታት ይዞት፣ በኳስ ጨዋታ እግሩ ተሰብሮ፣ ሳል ጸንቶበት፣ ወይም ታናሹን ይዞ ይሄዳል። ሰው ሕመም ሲሰማው ምክር የመስማት ዝንባሌው ከፍ ይላል። ያችን ቀን ነው መጠቀም ያለብን።

3ኛ/ አምስቱ እርምጃዎች

በዓለም ላይ የተለመደው አሠራር አምስት እርምጃዎች አሉት፤ መጠየቅ፣ መምከር፣ መመዘን፣ ማገዝና መቅጠር ይባላሉ። ሁሉም ተደምረው አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃሉ። እንደ ምሳሌ፣ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳል ይዞት ጤና ጣቢያ መጣ እንበል።

መጠየቅ፦ ጤና መኮንኑ አብራው የመጣችውን እናት «እትዬ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ውጭ ይጠብቁን» ብሎ በአክብሮት ያስወጣል። ከዚያም «ለሁሉም ዕድሜህ ላሉ ልጆች የምጠይቀው ጥያቄ ነው። ሲጋራ ሞክረህ ታውቃለህ? ጓደኞችህስ? እዚህ የምትነግረኝ እዚሁ ይቀራል» ይላል። «ታጨሳለህ እንዴ?» ብሎ በቁጣ የሚጠየቅ ልጅ መልሱ «ኧረ በጭራሽ!» ብቻ ነው። አጠያየቁ መልሱን ይወስነዋል።

መምከር፦ ምክሩ አጭር፣ ግልጽና ከመጣበት ነገር ጋር የተያያዘ መሆን አለበት። «ሳልህን እኔ አክመዋለሁ፤ ጭሱ ግን መልሶ ያመጣዋል። ብትተወው ጥሩ ነው፤ እኔም አግዝሃለሁ።» በቃ። ስለ 60 ዓመቱ ካንሰር ለ15 ዓመት ልጅ ረጅም ንግግር ማድረግ ብዙ አይረዳም፤ 60 ዓመት ለእሱ ተረት ነው። ይልቅስ ዛሬ የሚያገኘውን እንንገረው። ባቆመ በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ በደሙ ያለው የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠን ይወርዳል፤ ደሙ ኦክስጅን በደንብ ይሸከማል። ኳስ ሜዳ ላይ ትንፋሽ የሚያጥረው ልጅ ይህን ወዲያው ይረዳዋል። ትምባሆ ለሳንባ ነቀርሳ የመጋለጥን ዕድል እንደሚጨምርም ሊነገረው ይገባል፤ ምክንያቱም ይህ በሽታ ለእኛ ሕዝብ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

መመዘን፦ ሁለት ነገር ይመዘናል። አንደኛ የሱሱ ጥንካሬ፦ «ጧት ስትነሣ የመጀመሪያዋን በምን ያህል ጊዜ ውስጥ ታጨሳለህ?» በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከሆነ ሱሱ ጠንክሯል። ሁለተኛ የልጁ ፈቃድ፦ «ለመተው አስበህ ታውቃለህ?» «አላሰብኩም» ካለ አይገፋም፤ «እሺ፣ ስታስብ በሩ ክፍት ነው» ይባላል። በግድ የተጎተተ ልጅ በመጀመሪያው ማዕዘን ላይ ይመለሳል።

ማገዝ፦ ለመተው ፈቃደኛ ከሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚውል አንድ ቀን ይመረጣል። የገበያ ቀን ወይም የለቀማ ደመወዝ የሚከፈልበት ቀን ባይሆን ይመረጣል። ከዚያም ፈተናው የት የት እንደሚመጣ አብረው ይጽፋሉ። የሲጋራ አምሮት በአብዛኛው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ ልጁ እነዚያን ደቂቃዎች የሚያሳልፍበት ዘዴ ይማራል፤ ቀስ ብሎ በጥልቀት መተንፈስ፣ ውኃ መጠጣት፣ ቆሎ መቆርጠም፣ ሸንኮራ መብላት፣ ከተቀመጠበት ተነሥቶ መሄድ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጫት ከሚቃምበት ቤት መራቅም አስፈላጊ ነው። ለጎልማሶች የሚሰጡት የኒኮቲን ማስቲካና ፕላስተር ከ18 ዓመት በታች ላሉት መጥቀማቸው በሚገባ ስላልተረጋገጠ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለተማሪ መፈለግ አይገባም።

እዚህ ላይ ለቡና አገር ሰው የሚጠቅም አንድ ነገር እንጨምር። የትምባሆ ጭስ ጉበታችን ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ማጨስ ሲቆም ይህ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ያው የተለመደው ሦስት ስኒ ቡና በደም ውስጥ ከበፊቱ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ልጁ ልቡ ይመታል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ይቅበጠበጣል። «ሲጋራውን ስለተውኩ ነው ያመመኝ» ብሎ ይመለሳል። ቡናውን በግማሽ ቢቀንስ ግን ነገሩ ይቀልለታል። ከአቦል እስከ በረካ በሚጠጣበት ቤት ይህን አለማወቅ ብዙ ልፋት ያበላሻል።

መቅጠር፦ ካቆመበት ቀን በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ አንድ ቀጠሮ፣ ከዚያም በወሩ ሌላ ቀጠሮ ይሰጠዋል። ቢሳሳትና ቢያጨስ እንኳ መምጣት እንዳለበት አስቀድሞ ይነገረዋል። ብዙ ሰው የሚተወው ከአንድ ጊዜ በላይ ሞክሮ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የሚባለው?

4ኛ/ የመምህሩ ድርሻ

ከዚህ በላይ የተገለጸው የጤና ባለሙያው ሥራ ነው። የእኛስ?

በመጀመሪያ መንገዱን መጥረግ ነው። በተመደባችሁበት ወረዳ፣ ገና ትምህርት ሳይጀመር፣ ወደ ጤና ጣቢያው ጎራ በሉ። ለወጣቶች የተለየ የአገልግሎት ክፍል ወይም ሰዓት እንዳለ ጠይቁ። ጤና መኮንኑን በስም እወቁት። «ተማሪ ብልክ ብቻውን ታነጋግርልኛለህ ወይ?» ብላችሁ ተስማሙ። ተማሪውን ስትልኩት ደግሞ «አጫሽ ነው» የሚል ወረቀት አታስይዙት፤ መንገድ ላይ የሚያነብ አይጠፋም። ፈቃድ ስጡት፣ የሚሄድበትን ሰው ንገሩት፤ ይበቃል። የአማርኛ ቃል ለሚቸግረው ልጅ በጌዴኦኛ የሚያነጋግረው ሰው ይገኝ እንደሆነም ጠይቁ። ሰው ምሥጢሩን የሚናገረው በአፍ መፍቻው ነው።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ማወቅ ነው። ሲጋራ ያቆመ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይነጫነጫል፣ ሐሳቡ ይበተናል፣ ይርበዋል፣ እንቅልፉ ይዛባል። ይህ በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታል፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥም ይቀንሳል። እንግዲህ አስቡት። ልጁ በሕይወቱ ከባዱን ትግል በሚታገልበት ሳምንት ክፍል ውስጥ ሲቁነጠነጥ እናየዋለን፤ እኛም «አንተ ሥርዓተ ቢስ!» ብለን እናስወጣዋለን። የት ይሄዳል? አጥሩ ሥር፣ ከሚያጨሱት ዘንድ። ያን ሳምንት ከቻላችሁ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጡት፤ ጠመኔ አምጣ፣ ሰሌዳ አጽዳ እያላችሁ እጁን ሥራ አስይዙት።

ሦስተኛ፣ ሴት ተማሪዎችን አለመርሳት ነው። ቁጥራቸው ጥቂት ቢሆንም ሐፍረቱ በእነርሱ ላይ ይከብዳል፤ ስለዚህም አጥብቀው ይደብቃሉ። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ዘመድ ወይም ጎረቤት ልትሆን ስለምትችል፣ ለአንዳንዷ ልጅ ራቅ ያለው ጤና ጣቢያ ይሻላታል። ምርጫው የእሷ ይሁን።

አራተኛው ድርሻ ራሳችንን ይመለከታል። ከእኛም መካከል የሚያጨስ አለ። እርሱ በተማሪ ፊት መስሎ መታየት የለበትም፤ የሚሻለው እሱም ወደ ጤና ጣቢያው ሄዶ ያንኑ አምስት እርምጃ መጀመሩ ነው። «እኔም እየታገልኩ ነው» የሚል መምህር፣ «እኔ ነክቼው አላውቅም» ከሚለው ይልቅ አንዳንድ ጊዜ ይደመጣል።

5ኛ/ ውጤቱ እስከ ምን ድረስ ነው?

መምህር ያልተረጋገጠውን እንደተረጋገጠ አድርጎ ማስተማር የለበትም። በጎልማሶች ላይ ነገሩ ግልጽ ነው። ያለ እርዳታ ከ100 አጫሾች 2 ወይም 3 ያህሉ ይተዋሉ ቢባል፣ የሐኪም አጭር ምክር በዚያ ላይ ከ1 እስከ 3 ሰው ይጨምራል። ጥቂት ይመስላል፤ ግን በየጤና ጣቢያው በየቀኑ ቢደረግ ስንት ሰው እንደሚሆን አስሉት።

በወጣቶች ላይ ግን ማስረጃው ገና ነው። የአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ውሳኔ፣ ገና ያልጀመሩ ልጆች እንዳይጀምሩ ሐኪሞች አጭር ምክር እንዲሰጡ አሳስቧል፤ የጀመሩትን ስለ ማስተው ግን ማስረጃው በቂ አይደለም ብሏል። በቂ አይደለም ማለት አይጠቅምም ማለት አይደለም። በማሳቹሴትስ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናት ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለው። በሕፃናት ክሊኒኮች ሐኪሞቹ አጭር ምክር ሰጡ፤ ከዚያም ከ21 እስከ 25 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ወጣት አማካሪዎች ልጆቹን አነጋግረው በስልክ ተከታተሏቸው። ያልጀመሩት ልጆች እስከ ዓመቱ ድረስ ሳይጀምሩ የመቆየታቸው ዕድል ጨመረ። ያጨሱ ከነበሩት ደግሞ በስድስተኛው ወር የተዉት ምክሩን ካላገኙት በልጠው ተገኙ፤ በ12ኛው ወር ግን ልዩነቱ ጠፋ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ክትትሉ ሲቆም ውጤቱም ይላላል። ሁለተኛው፣ ልጁን የሚከታተለው ሰው ሽማግሌ መሆን አያስፈልገውም። ከ21 እስከ 25 ዓመት! ይህ የብዙ ሠልጣኞቻችን ዕድሜ ነው። ለተግባር ልምምድ ወደ ትምህርት ቤት ስትወጡ እናንተ ለልጁ ታላቅ ወንድምና ታላቅ እህት ናችሁ። ጤና ጣቢያው የጀመረውን፣ በሳምንት አንድ ጊዜ «እንዴት ሆነህ?» በማለት ማስቀጠል የምትችሉት እናንተ ናችሁ።

6ኛ/ ሕጉ ምን ይላል?

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2014 አጽድቃለች። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል፤ በፍሬ ነጥሎ መሸጥም ክልክል ነው። በትምህርት ቤትና በጤና ተቋም ቅጥር ግቢ ውስጥ ማጨስም እንዲሁ። ልብ በሉ፤ ዕድሜን በተመለከተ ሕጉ የሚጠይቀው ሻጩን ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ሻጩን በሰላም አልፈን ልጁን እንቀጣለን። በትምህርት ቤቱ አጥር ዙሪያ ያለው ባለ ኪዮስክ ሕጉን ያውቅ እንደሆነ ሄዶ በትሕትና መጠየቅ የመምህራን ስብሰባ አጀንዳ ሊሆን ይገባዋል።

በመጨረሻም፣ ያ የተሸከመው ልጅ ነገር ከልቤ አልወጣም። ያን ቀን እዚያው የጣቢያው ደጃፍ ላይ ቆሜ «ቀን ስንት ታጨሳለህ? ለመተውስ አስበህ ታውቃለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ጆንያውን አስቀምጦ መለሰልኝ። ስድስት ዓመት የዘገየ ጥያቄ ነበር። እናንተ ግን አታዘግዩት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ተማሪ ሲያጨስ ብታገኙት በመጀመሪያው ቀን ምን ትላላችሁ? የምትሉትን ቃል በቃል ጻፉና እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩበት።
2. ወላጅ መጥራት የሚጠቅመው መቼ ነው? የሚጎዳውስ?
3. ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ አንዱ ጤና መኮንን ሌላው ተማሪ በመሆን አምስቱን እርምጃዎች በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተለማመዱ። በአማርኛ ከጨረሳችሁ በኋላ በጌዴኦኛ ድገሙት።
4. በምትመደቡበት ትምህርት ቤት አቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ የትኛው ነው? ልጁ ብቻውን የሚነጋገርበት ክፍል አለው?